ሄምፕ ለሥጋ ዶሮ የመኖ ማሟያ ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)
ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። የኮብ 500 ዝርያ የሥጋ ዶሮ አረባለሁ። በቆሎ በአካባቢያችን እንደ ልብ ስለሚገኝ አልተቸገርሁም፤ ወገቤን የቆረጠኝ የአኩሪ አተሩ ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ጫጩቶቼ ሦስተኛ ሳምንታቸውን እንዳለፉ ደም የቀላቀለ ኩስ ይጥሉና ጥቂት የማይባሉት ይሞታሉ። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ፣ በታይላንድ ለዶሮ ካናቢስ እየተሰጠ መድኃኒት መግዛት እንደቀረ የሚናገር ቪዲዮ ላከልኝ፤ የካናቢስ ዓይነት የሆነው የሄምፕ ፍሬም በፕሮቲን የበለጸገ መሆኑን አነበብሁ። ዘሩን አግኝቼ በጓሮዬ ብዘራው አኩሪ አተሩንም መድኃኒቱንም ይተካልኝ ይሆን?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)
ወንድሜ፣ ከፕሮቲኑ በፊት ሕጉን ይመልከቱ። ሄምፕና አደንዛዡ ካናቢስ አንድ ተክል ናቸው፤ የሚለያዩት ቲኤችሲ በተባለው አደንዛዥ ንጥረ ነገር መጠን ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን በእስራት ያስቀጣል። ጓሮዎን የሚያይ ፖሊስ «ይህ ለዶሮ ነው» ቢሉት የሚሰማዎት አይመስለኝም።

መልስ (ከባሕር ዳር፣ የእንስሳት አመጋገብ ባለሙያ)
ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ስሌቱ አያዋጣዎትም። ቪዲዮው የሚያወራው በ2022 እ.ኤ.አ. የቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስላስታወቁት ሙከራ ይመስለኛል፤ እነርሱ የፈተኑት ተክሉ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ፍጆታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ፕሮቲን መተካቱን አይደለም። ለመኖነት የሚፈለገው ዘይቱ የተጨመቀ የፍሬው ፋጉሎ ነው፤ ከ30 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ዶሮ የመከረው ጣሪያ ከጠቅላላው መኖ 3 በመቶ ነው፤ አሜሪካም በ2024 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ኩንታል መኖ ውስጥ 3 ኪሎ ፋጉሎ ቢያስገቡ የሚያገኙት ፕሮቲን አንድ ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ የማጠናቀቂያው መኖ (ለዕርድ ከመድረሳቸው በፊት የሚሰጠው) ግን ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይፈልጋል። በዚያም ላይ ላይሲን የተባለው ለዕድገት የሚያስፈልግ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በሄምፕ ፕሮቲን ውስጥ ከአኩሪ አተሩ ያነሰ ነው።

ደም የቀላቀለው ኩስ በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት ተውሳክ በሽታ ምልክት ነው። ተውሳኩ የሚራባው በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ቢሆንም፣ ከኩሱ ጋር የሚወጣው እንቁላሉ በሽታ ለማስያዝ የሚበቃው በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ስለሆነ በውኃ መጠጫው ዙሪያ ያለውን በእጅዎ ጨብጠው ይሞክሩት፤ ተጣብቆ ድቡልቡል ከሆነ አውጥተው በደረቅ ሰጋቱራ ይተኩት። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ኩሱን አይቶ ይዘዝልዎ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፤ ሄምፑን ትቼዋለሁ። የኑግ ፋጉሎና ግብጦስ እንዴት ናቸው?

መልስ (ከቡሬ)
እኔ በማጠናቀቂያው መኖ ውስጥ የኑግ ፋጉሎ አስገባለሁ፤ ነገር ግን ከ10 በመቶ አላሳልፍም። ፕሮቲኑ የሚናቅ ባይሆንም ገለባው ብዙ ነው፤ ላይሲኑም አነስተኛ ስለሆነ የተቆላ አኩሪ አተር ጨርሶ ሊቀር አይችልም። ጥሬውን አኩሪ አተር ግን እንዳይሰጡ፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበትና ዕድገታቸውን ይገታል።

ፋጉሎ ሲገዙ ከጆንያው ላይ ሳይሆን ከመሃሉ አንዱን ቁራጭ አውጥተው ይስበሩት። ውስጡ አመድማ ሻጋታ ካለው ወይም የቆየ ዘይት ከሸተተ ይተዉት። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በማፍላትም አይለቅም፤ ጫጩት ደግሞ ጉበቷ ቶሎ ይጎዳል። ሻጋታ ባይታይም መርዙ ሊኖር ስለሚችል፣ ትኩሱን ከመጭመቂያው በቀጥታ መግዛት ይሻላል።

ግብጦን በተመለከተ፣ ለአረቄ እንደሚዘጋጀው ቆልቶ በወራጅ ውኃ ለቀናት ካልዘፈዘፉት ምሬቱ ዶሮዎቹን ከመኖው ያርቃቸዋል። ለጥቂት ዶሮ ልፋቱ ይቻላል፤ ለብዙ ግን አልመክርም።