የቫንኮማይሲን ዶዝ ሶፍትዌር፦ ከርቩ ሁለቱንም ነጥብ ስቷል

ዋርድፋርም፦
ሰላም። ወንድ፣ 45 ዓመት፣ 62 ኪሎ፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) 0.9። ቫንኮማይሲን (አንቲባዮቲክ) 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ በ1 ሰዓት ድሪፕ። ከአራተኛው ዶዝ በኋላ የተወሰዱት ናሙናዎች 30 እና 15 ሚ.ግ በሊትር ናቸው። ነርስ ቻርቱ ላይ ዶዙ የተጀመረው 2፡00 ጠዋት፣ ቀጣዩ 2፡00 ማታ ነው። የላብ ወረቀቱ 10፡30 እና 18፡30 ይላል። ቤይዢያን ሶፍትዌሩ (የቀድሞ ታካሚዎችን ሞዴል ከዚህ ታካሚ ናሙና ጋር አጣምሮ ዶዝ የሚያሰላው) ላይ እንዳለ አስገባሁት፤ ከርቩ (በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚገምተው መስመር) በአንዱም ነጥብ አላለፈም። ሲኒየሩ ደግሞ ትራፉ (ከቀጣዩ ዶዝ በፊት ያለው ዝቅተኛ መጠን) 15 ስለማይሞላ ዶዝ ይጨመር ይላሉ። የቱን ልያዝ?

ሚዛን፦
ሰዓቱን ቀላቅለሃል። ቻርቱ በእኛ አቆጣጠር፣ የላብ ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚሠራው። 2፡00 ጠዋት ማለት 08፡00፣ 2፡00 ማታ ደግሞ 20፡00 ነው። አንተ ባስገባኸው 02፡00 እና 14፡00 ከሄድን ሁለተኛው ናሙና ሌላ ዶዝ ከተሰጠ በኋላ የተወሰደ ይመስላል፤ መጠኑ መጨመር ሲገባው በግማሽ ወርዷል። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥምለት ሞዴል የለም። ዶዙ የተጻፈለትን ሳይሆን በትክክል የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት አስገባ። ናሙናው ከዚያው ከድሪፑ መስመር ተቀድቶ ከሆነም ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል፤ ነርሷን ጠይቃት።

ቀመር፦
ሶፍትዌሩን ከማመንህ በፊት በካልኩሌተር አረጋግጠው። በናሙናዎቹ መካከል 8 ሰዓት አለ፤ መጠኑ በትክክል በግማሽ ስለወረደ ግማሽ ዕድሜው 8 ሰዓት ነው። 0.693 ÷ 8 = 0.0866፤ ይህ መድኃኒቱ በሰዓት የሚወገድበት ፍጥነት ነው። ድሪፑ 09፡00 ላይ ስላለቀ ወደኋላ 1.5 ሰዓት ስንመለስ ከፍተኛው 34.2፣ ወደፊት እስከ 20፡00 ስንሄድ ትራፉ 13.2 ይሆናል።

አሁን ኤዩሲውን (ከከርቩ በታች ያለውን ስፋት፣ ማለትም ሰውነቱ በጊዜው ውስጥ ያገኘውን ጠቅላላ መጠን) እናስላ።
በድሪፑ ጊዜ፦ (34.2 + 13.2) ÷ 2 × 1 = 23.7
ከድሪፑ በኋላ፦ (34.2 − 13.2) ÷ 0.0866 = 242
ድምሩ 266፤ በ24 ሰዓት 532።

በ2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ለከባድ የኤምአርኤስኤ (ሜቲሲሊንን የሚቋቋም ስታፍ ባክቴሪያ) ኢንፌክሽን ኤዩሲው ከ400 እስከ 600 እንዲሆን ይላል (ኤምአይሲው፣ ማለትም ባክቴሪያውን ለመግታት የሚበቃው ዝቅተኛ መጠን፣ 1 ነው ብሎ)፤ ትራፍን 15–20 ማድረስን ትቶታል። የዚህ ሰው ትራፍ 13 ሆኖ ኤዩሲው መሀል ላይ ነው። ወደ 1.25 ግራም ብታሳድጉት 665 ይደርሳል፤ ትርፉ ኩላሊት መጉዳት ነው። ዶዙ ባለበት ይቀጥል።

ዋርድፋርም፦
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ክሪያቲኒኑ ነገ 1.4 ቢሆንስ?

ቀመር፦
ያን ጊዜ 532ን እርሳው። የእጅ ስሌቱ የሚሠራው መጠኑ ሲረጋጋ፣ ኩላሊቱም ሳይለወጥ ነው። ቀጣዩን ዶዝ አቆይተህ አዲስ ናሙና አስወስድ።

ሚዛን፦
የሶፍትዌሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ መረጋጋትን አይጠብቅም፣ ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ በተወሰደ ናሙናም ይሠራል። አዲሱን ክሪያቲኒን ከነሰዓቱ ጨምር፣ የድሮውን ግን አትደምስስ። አሃዱንም እይ፤ ላቡ በማይክሮሞል 124 ብሎ ከሰጠህ በ88.4 አካፍለህ 1.4 አድርገው። 124ን በሚሊግራም ሳጥን ውስጥ ከጻፍከው ኩላሊቱ ቆሟል ብሎ ያሰላል። ሞዴሉም የማን እንደሆነ ይታይ፤ ከጤናማ ክብደት ጎልማሶች የተሠራ ሞዴል ለዳያሊሲስ ታካሚ ወይም ለሕፃን አይሆንም። ሰዓትና አሃድ ተስተካክሎም ከርቩ ነጥቦቹን ከሳተ ሞዴሉን ቀይር እንጂ ያልተስማማህን ናሙና አታውጣ።