ቲሞኪኖን ያልነካው ኮንትሮልም እየሞተብኝ ነው፤ ነገ መዝራት አለብኝ (ደሴ)

ሙጋድ፦ ሰላም ጀመዓ፣ አስቸኳይ ነው። ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘውን ቲሞኪኖን በኤችሲቲ-116 የአንጀት ካንሰር ሴል ላይ እየሞከርኩ ነው። 10፣ 20፣ 40 እና 80 ማይክሮሞላር፣ 48 ሰዓት፣ ከዚያ ኤምቲቲ (የሴሉን ሥራ በቀለም የሚለካ ምርመራ)። ሴሎቹን እየገደለልኝ ነው፤ ግን ምንም ያልነካው ኮንትሮልም (ማወዳደሪያው ሴል) ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ነገ ጠዋት አዲስ ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ የሴል ሳህን) ልዘራ ነው፤ ምን ላድርግ?

ቦርከና፦ ዲኤምኤስኦው (መድኃኒቱን ያሟሟህበት ፈሳሽ) ነው። ስቶክህ (ዋናው ብጥብጥ) ስንት ነው?

ሙጋድ፦ 10 ሚሊሞላር።

ቦርከና፦ ይኸው! 80 ላይ ስትደርስ 0.8 በመቶ ዲኤምኤስኦ እያጠጣሃቸው ነው። ስቶኩን 80 ሚሊሞላር አድርገው፤ የሞለኪውል ክብደቱ 164.2 ስለሆነ በ1 ሚሊሊትር 13.1 ሚሊግራም ማለት ነው። ያኔ ትልቁ መጠን 0.1 በመቶ ላይ ይቆማል። ለሌሎቹ መጠኖችም ለኮንትሮሉም ያንኑ 0.1 እኩል ስጥ።

ሙጋድ፦ እሺ፣ ግን ዲኤምኤስኦ የሌለበት ኮንትሮልም ነው የሚሞተው።

አዝዋ፦ ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው ሲባል ነበር የምንሰማው። እናንተ ጋ ጭራሽ ሞት ማምጣት ጀመረ?

ጦሳ፦ "እየገደለልኝ ነው" ያልከውን በምን አወቅህ? ኤምቲቲ ሞትን አይለካም። ፎርማዛኑን (የኤምቲቲውን ቀለም) የሚሠራው የሴሉ ሜታቦሊዝም ስለሆነ፣ ሳይሞት መባዛት ብቻ ያቆመ ሴልም ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጥሃል። አፖፕቶሲስ (ሴሉ ራሱን በሥርዓት መግደሉ) ለማለት አኔክሲን ቪ ከፒአይ ጋር (የሚሞት ሴል የሚለዩ ማቅለሚያዎች)፣ በዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን ምርመራ) ደግሞ የተቆረጠ ካስፔዝ-3 እና ፓርፕ (በአፖፕቶሲስ ጊዜ የሚቆረጡ ፕሮቲኖች) አሳይ። በዚህ ሴል የሚጠበቀው መንገድ ፒ53 (ሞትን የሚያነሳሳ ፕሮቲን) ከፍ፣ ቢሲኤል-2 (ሞትን የሚከለክለው) ዝቅ፣ ሳይቶክሮም ሲ ከሚቶኮንድሪያ መውጣት፣ ቀጥሎ ካስፔዝ-9 ከዚያም 3 ነው። 20 ማይክሮሞላር ዚ-ቫድ (ካስፔዝን የሚያግድ) ጨምረህ ሞቱ ካልቀነሰ ካስፔዝ ነው ብለህ አትጻፍ። ኤን-አሲቲል ሲስቴይንንም (አንቲኦክሲዳንቱን) አትመን፤ ቲዮል (ሰልፈር ያለው ውህድ) ስለሆነ ገና ሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) ውስጥ ቲሞኪኖኑን ይዞ ያስቀረዋል። ሴሉን ያዳነ ይመስልሃል እንጂ መድኃኒቱ ሴሉ ጋ አልደረሰም።

አዝዋ፦ ዶክተር፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው የሚዘራው፤ እርስዎ ቴሲስ እያስጻፉት ነው።

ሐረጎ፦ ሙጋድ፣ ሚዲያህ ምንድን ነው? ቀለሙስ? የኢንኩቤተርህ (የሴል ማሳደጊያው ሣጥን) ካርቦንዳይኦክሳይድ ስንት ላይ ነው?

ሙጋድ፦ ዲኤምኢኤም። ጠዋት ሳየው ወደ ወይን ጠጅ የሄደ ሮዝ ነው። ካርቦኑ ፕሮቶኮሉ እንዳለው 5 በመቶ።

ሐረጎ፦ አብሽር፣ ተገኘ። ፕሮቶኮሉ የባሕር ጠለል ሰው የጻፈው ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የዚያን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፤ እዚህ 5 በመቶ ማለት እዚያ 3.7 እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ዲኤምኢኤም በሊትር 3.7 ግራም ባይካርቦኔት ስላለው በባሕር ጠለልም ቢሆን 10 በመቶ ይፈልጋል። ካርቦንዳይኦክሳይዱ ባይካርቦኔቱን ስለማያመጣጥነው ፒኤችህ (የአሲድነቱ ልክ) ወደ አልካላይን ሄዶ 7.8 አካባቢ ይሆናል። ቲሞኪኖንም አልካላይን ሚዲያ ውስጥ ስለሚበላሽ፣ የመጠን ኩርባህንም ጣለው።

ለሴሉ የሚመከረው ማኮይ 5ኤ ነው፤ ባይካርቦኔቱ 2.2 ግራም። እሱን ከያዝክ ኢንኩቤተሩን ወደ 7 በመቶ አውጣ። ከሌለህ ሄፔስ (ፒኤች የሚያረጋጋ) 25 ሚሊሞላር ጨምረህ ፒኤቹን 7.3 ላይ አስተካክል። ዛሬ ማታ ሚዲያውን ክዳኑ በላላ ፍላስክ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድረውና ጠዋት ቶሎ ፒኤቹን ለካ፤ 7.2 እስከ 7.4 ካልሆነ አትዝራ።

ቦርከና፦ የኮምቦልቻው ላብ 5 በመቶ ላይ ነው የሚሠራው፣ ምንም የሆነ ነገር የለም።

ሐረጎ፦ ኮምቦልቻ ከዚህ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ደግሞ ኢንፍራሬድ ሴንሰር ያለው ኢንኩቤተር ግፊቱን ራሱ ሊያካክስ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከስክሪኑ ይልቅ ፒኤቹን እመን የምለው።

ሰኚ፦ በነካ እጃችሁ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱን ለአንጀት ካንሰር ታማሚ ማጠጣት ይቻላል?

ጦሳ፦ እህቴ፣ በፕሌት ላይ የሠራ መጠን በአፍ ለሚወሰድ ልክ አይሆንም። ቲሞኪኖኑ ደም ውስጥ ከአልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ጋር ይጣበቃል። ሕክምናው አይቋረጥ፤ ኬሞ ላይ ያሉ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሐረጎ፦ ሌላም አለ፤ ሴል የሌለበት፣ ቲሞኪኖንና ኤምቲቲ ብቻ ያለበት ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) ጨምር። ዳር ዳሩን ዌል ፒቢኤስ (የጨው ውሃ) ሙላውና መሐሉን ተጠቀም፤ ዳሩ ስለሚተን ንባቡ ይዛባል። ስቶኩን በፎይል ጠቅልል፣ ብርሃን አይወድም።

ሐረጎ፦ ሙጋድ፣ ፒኤቹ ስንት መጣ?

ቦርከና፦ ዲኤምኤስኦውንስ ቀየርከው?