ዲቨሎፐሮቼ ቀዝቅዘዋል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጣሁት ከፋይናንስ ነው፤ ኮድ ጽፌ አላውቅም። አሁን ስድስት ዲቨሎፐሮች ያሉበትን ቡድን እመራለሁ። የምንሠራው የክፍያ ሲስተም ነው። ሥራው ስለዘገየ፣ ቲኬት (ተመዝግቦ የተሰጠ አንድ ሥራ) ለሚዘጋ ሁሉ በዘጋው ልክ ጉርሻ ይሰጠው የሚል ውሳኔ ከላይ መጣ። ጠዋትና ከሰዓት አጭር አጭር ስብሰባም አለን። የሚዘጋው ቲኬት በእርግጥ በዛ። ግን ደንበኞች የሚያማርሩበት ባግም (የሲስተሙ ስህተት) አብሮ በዛ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቡድኑ ምርጥ ልጅ ዝም ማለቱ ነው። ድሮ ስብሰባ ላይ ይከራከር ነበር፤ አሁን ምንም ብንለው "እሺ" ነው። ሌሎቹን "መቼ ያልቃል?" ስላቸው "እናያለን" ይሉኛል። ሁለት ሰው ልጨምር አስቤያለሁ። ኮድ የምትጽፉም፣ ቡድን የምትመሩም፣ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

ባክኤንድ ዲቨሎፐር

ከቻሉ መጀመሪያ የቲኬት ጉርሻውን ያስቁሙት። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው ወይም ሊያጭበረብሩ ፈልገው አይደለም። ቁጥር ከተቆጠረ ሰው የሚያመጣው ቁጥር ነው። አንዱ ሥራ ወደ አራት ቲኬት ይከፋፈላል። ሳምንት የሚፈጀውን ከባድ ባግ የሚነካው ይጠፋል። የጓደኛን ኮድ ሪቪው ማድረግ (አንብቦ ስህተቱን መጠቆም)፣ ግራ የገባውን ጀማሪ አጠገቡ ተቀምጦ መርዳት፣ ኮዱን የሚፈትሽ ቴስት መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ጉርሻ የሚያስቀሩ ሥራዎች ይሆናሉ። ባጉ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1982 አፕል ውስጥ የሊዛ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ማናጀሮቹ እያንዳንዱ ኢንጂነር በሳምንት ስንት መስመር ኮድ እንደጻፈ ፎርም እንዲሞላ ጠየቁ። ከኢንጂነሮቹ አንዱ ቢል አትኪንሰን በዚያው ሰሞን ከግራፊክስ ኮዱ አንዱን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎ፣ ፍጥነቱን ስድስት እጥፍ ገደማ አሳድጎት ነበር። ኮዱ ግን 2,000 መስመር ያህል አጠረ። እሱም ፎርሙ ላይ ከዜሮ በታች 2,000 ብሎ ሞላ። ብዙም ሳይቆይ ፎርሙን ሙላ ማለታቸውን ተዉ። የዚያን ሳምንት ትልቁ ሥራ በእነሱ መለኪያ ኪሳራ ነበር የሚሆነው።

ሲኒየር ኢንጂነር

ስለ ጉርሻው ተብሏል፤ እኔ ስለ ስብሰባው ልናገር። የክፍያ ሲስተም ስላሉ በዚያው ላስረዳዎት።

አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል እንበል። ዲቨሎፐሩ ሎጉን (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍቶ የሆነውን ይከተላል። ደንበኛው የክፍያ ቁልፉን የተጫነው አንድ ጊዜ ነው። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ክፍያው ተፈጽሟል፤ ግን መልሱ በኔትወርክ መቆራረጥ መንገድ ላይ ቀረ። አፑ "አልተሳካም" ብሎ በራሱ ደግሞ ላከ። ሰርቨሩ ሁለተኛው ጥያቄ የፊተኛው ድጋሚ መሆኑን የሚለይበት መለያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ እንደ አዲስ ቆጠረው። ልጁ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ፣ መለያው የት ላይ ቢጨመር ሌላ ነገር እንደማይበላሽ እያሰላ ነው። ልክ እዚህ ላይ "አንድ ደቂቃ ብቻ" ብለው ሲጠሩት የያዘው ሁሉ ይበተናል። ሲመለስ የሚጀምረው ከሎጉ ነው። ከውጭ ለሚያየው ግን ዝም ብሎ ስክሪን የሚያይ ሰው ነበር።

አንዱን ስብሰባ ይሰርዙ፤ የሚቀረውንም ከሌላ የሥራ ማቋረጫ፣ ለምሳሌ ከምሳ ሰዓት፣ ጋር ያስጠጉት። ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ ሳይቆራረጥ ይቅርላቸው። አስቸኳይ ያልሆነውን በጽሑፍ ይላኩላቸው።

የቡድን መሪ ነኝ

እህቴ፣ ሰው ለመጨመር አትቸኩዪ። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 የጻፈው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። ራሱ አይቢኤም ውስጥ ትልቅ ፕሮጀክት መርቶ ያየውን ነው የጻፈው። ስድስት ሰው እርስ በርሱ ለመግባባት 15 የሁለት ሁለት ግንኙነት አለው። ስምንት ሲሆኑ 28 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምረውስ ማን ነው? ያው ምርጡ ልጅሽ።

"መቼ ያልቃል?" የሚለውን ጥያቄሽን ደግሞ ቀይሪው። እንደዛ ስትያቸው ቀን ይነግሩሽና ያ ቀን ቃል ኪዳን ይሆንባቸዋል። ለዚያ ነው "እናያለን" የሚሉሽ። "እስካሁን የማናውቀው ምኑን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። የማይታወቀውን ብቻ የሚያጣሩበት ሁለት ቀን ስጪያቸው። ከዚያ በኋላ "ከሁለት እስከ አራት ሳምንት" ዓይነት መልስ ታገኛለሽ፤ እሱን እመኚ። አለቆችሽ ጋ ስትሄጂ ሁለት ሳምንት ብለሽ እንዳትናገሪ ግን፣ አደራ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ግን ስብሰባ ቀንሼ፣ ቲኬት መቁጠር ትቼ፣ ሥራው የት እንደደረሰ በምን ላውቅ ነው? እኔንም ከላይ ይጠይቁኛል።

የቡድን መሪ ነኝ

በሚሠራ ነገር። በየሳምንቱ መጨረሻ ያለቀውን ከፍተው ያሳዩሽ፤ ስላይድ አይደለም፣ ራሱን ሲስተሙን። ራስሽ ክፈይበት፣ ሆን ብለሽ አበላሺው። ኮድ ባታውቂም የከፈለ ሰው ደረሰኝ እንደደረሰው ማየት አያቅትሽም። ለአለቆችሽም ያንኑ አሳዪያቸው።

ቴስተር

እኔ ለየት ያለ ነገር ልጨምር። "ዲቨሎፐርን ገንዘብ አያነሳሳውም" ሲባል እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ደመወዙ ከሥራው በታች ከሆነ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። መጀመሪያ ደመወዙ ፍትሐዊ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው።

ዲቨሎፐሮችም ግዴታ አለባቸው። ሦስት ቀን አንድ ቦታ ተወትፎ ለማንም ሳይናገር የሚቆይ ሰው ቡድኑን ይጎዳል። አይረብሹ ማለት አይጠይቁ ማለት አይደለም።

ሌላው፣ ሥራውን ስትሰጪያቸው ችግሩን ስጪያቸው እንጂ መፍትሔውን አትስጪ። "እዚህ ጋ ቀይ በተን ጨምሩ" ከማለት "ሰዎች ክፍያው መሳካቱን ስለማያውቁ ደግመው ይከፍላሉ" በያቸው። አንዳንዴ ደግሞ ደንበኛ ሲስተሙን ሲጠቀም አጠገቡ ተቀምጠው ይዩ። ራሱ የሠራው ገጽ ላይ ሰው ግራ ሲጋባ ያየ ዲቨሎፐር ማንም ሳያዘው ነው የሚያስተካክለው።

ባክኤንድ ዲቨሎፐር

ዝም ስላለው ልጅ ማንም አላነሳም። እኔን ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሚከራከር ዲቨሎፐር ሥራው ግድ ይለዋል። ክርክር ትቶ "እሺ" ማለት ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ "ብናገርም የሚሰማ የለም" ብሎ ደምድሟል፤ ምናልባት ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሯል። በዚህ ሳምንት ብቻዎን ያነጋግሩት። ስለ ሥራው ሂደት አይጠይቁት። "ባለፈው ተከራክረህ ያልሰማንህ የትኛውን ነበር?" ይበሉት። ሲናገር አያቋርጡት፤ ጉርሻውንም ሆነ ውሳኔውን ለመከላከል አይሞክሩ። ከነገረዎት ውስጥ ያን ሳምንት ማስተካከል የሚችሉትን አንድ ነገር ያስተካክሉ፤ የማይችሉትን ደግሞ ለምን እንደማይችሉ በግልጽ ይንገሩት። ምናልባት ብዙ ጊዜ ሲጮህበት የቆየ፣ ማንም የማይነካው የተበላሸ የኮድ ክፍል ይኖራል። እሱን የሚጠግንበት ጊዜ ከፕላኑ ላይ ቆርጠው ይስጡት፤ በትርፍ ሰዓቱ ይሥራው ግን አይበሉ።