የሰው ልጅ ለመጠበቅ የሚጠየቅ ወረቀት፦ ከጎንደር ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

የቀሐ ልጅ (ከሊድስ፣ ለጊዜው ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ለአባቴ ተዝካርና ለጥምቀት ብዬ ጎንደር ነኝ። ከአሥር ቀን በኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ ስካውት የሚሉት የልጆች ማኅበር ገብቷል፤ በእሱ ዕድሜ ያሉት «ከብ» ነው የሚባሉት። ማክሰኞ ማታ ማታ እኔ ነኝ የማደርሰው። በዚያ ዝናብ ቤት ደርሶ መመለሱ ሲታክተኝ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። ለኛ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ማየት መቼ ይሆንለታል። መጀመሪያ ወንበር አነሳሁ። ቀጥሎ ኩባያ አጠብኩ። አንድ ቀን ልጆቹ ገመድ ማሰር ሲማሩ አንዷ አቅቷት አለቀሰች። አባቴ የበቅሎ ጭነት የሚያስርበትን አስተሳሰር አሳየኋት፤ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታውን። ሦስቴ አሰረች፣ ሦስቴ ፈታች፣ ሳቀች። መሪዋ አይታ ኖሮ «ለምን በቋሚነት አታግዢንም?» አለችኝ። ሳላስበው እሺ አልኩ።

አሁን ፎርሙ በኢሜይል መጣ። ዲቢኤስ የሚሉት የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ነው። የአምስት ዓመት አድራሻ ይጠይቃል። ከዚህ በፊት የተጠራሽበት ሌላ ስም ካለም ይላል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አገሩ ስገባ የመዘገበኝ ሰው የአባቴን ስም አጣሞ ጻፈው። አሁን ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም የሆነው ደግሞ የአያቴ ነው። የልደት ቀኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በግምት የተሞላ ጃንዋሪ 1 ነው።

እና ሁለት ጥያቄ አለኝ። እዚህ እያለሁ ከፖሊስ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ወረቀት ላውጣ? «ሌላ ስም» የሚለው ላይስ የተጣመመውን ልጻፈው? ብጽፈው ያለቀ የጥገኝነት ኬዜን የሚነካካብኝ እየመሰለኝ ነው።

እናቴ ነገሩን ስነግራት «የሰው ልጅ ስትጠብቂ ስንት ይከፍሉሻል?» አለች። ምንም ስላት ዝም ብላ ቡናውን ቀዳች። ከዚያ «ለእህትሽ ልጅ ትምህርት ቤት ክፈዪ ስልሽ ድርብ ሺፍት ነው፣ መተንፈሻ የለኝም ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወንድም ከበርሚንግሃም

እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። እኔ በዚሁ ሥራ ስድስት ዓመት አለሁ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። ስካውት በዕድሜ የተከፋፈለ ነው። ከ4 ዓመት ስኩረል፣ ከ6 ቢቨር፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ተኩል ከብ፣ ከዚያ እስከ 14 ስካውት፣ እስከ 18 ኤክስፕሎረር። ዲቢኤስ ለበጎ ፈቃደኛ በነፃ ነው፤ ክፈዪ የሚል ሰው ካለ እንዳትሰሚው። የሚያየው እዚያው እንግሊዝ ያለውን መዝገብ ነው። ጎንደር ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ አይጠይቅም። ስኮትላንድ ብትሆኚ ፒቪጂ የሚባል ሌላ አሠራር ነበረሽ።

ደግሞ ከባዱ ወረቀቱ አይደለም፣ የኛ ልማድ ነው። ቢጫ ካርድ የሚሉት ነገር አለ። የኳስ ሜዳው አይደለም፣ በኪስ የሚያዝ መመሪያ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻሽን አትቀሪም፤ ሌላ አዋቂ ሊያይሽ የሚችልበት ቦታ መሆን አለብሽ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ልጅ ጉልበቱ ተላጠና አለቀሰ። አቀፍኩትና ኩሽና አስገባሁት። ብርድ ነው ብዬ በሩን በእግሬ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። መሪው መጥቶ በሩን ከፈተ፣ ወንበር አስደግፎበት ሄደ። አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ሌሊቱን ሙሉ «ምን ጠርጥሮኝ ነው?» እያልኩ አደርኩ። በሩ ለእኔም ሲባል እንደተከፈተ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

ወይ ጉድ! ልጅ ለማቀፍ ምስክር? እኛን ያሳደገን ሰፈሩ ነው። ፒያሳ ላይ ሲጋራ ይዤ ያየኝ የአባቴ ጓደኛ በጥፊ አጮለኝ። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ሁለተኛው ጥፊ ይጠብቀኝ ነበር። ፎርም የሞላ ሰው የለም። በጃንሆይ ጊዜም ቦይ ስካውት ነበር አገራችን፣ ካኪ ቁምጣውና የአንገት ሻርፑ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪውስ? አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየታገለ፣ እንጀራ ለምኖ አገር ለአገር የሚዞር ልጅ ስካውት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

እትዬ ሎዛ (ፍራንክፈርት)

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፊውን አያሳምሩት። እኔንም ሰፈር «አሳድጎኛል»። አንድ ጎረቤታችን በጥፊ የመታኝ ጆሮዬ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል። ያኔ ለማን ይነገራል? «አጥፍታ ነው» ተባለና አለቀ። በሩን የሚከፍት ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

እኔን ግን ሆድ ያባሰኝ ሌላ ነው። ልጄ እዚህ ከስካውቶቹ ጋር ጫካ ካምፕ ሄዶ ነበር። ሊጥ እንጨት ላይ ጠቅልለው እሳት ላይ ይጠብሱታል፣ ስቶክብሮት ይሉታል። ማታ ጭስ ጭስ እየሸተተ መጣና አንድ ቁራሽ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ውጪው አሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ሙልሙሉ ትዝ አለኝ። ችቦው፣ ሎዛ ማርያም ሰፈር ሆያ ሆዬ እያሉ ዱላቸውን መሬት የሚደልቁት ልጆች። ቁራሹን ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ልጄ «አልጣፈጠሽም?» ይለኛል።

ኬዝ ጠባቂ (ቦልተን)

ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። እኔ ኬዜ ገና አልታየም። ሥራ አትሠራም ተብያለሁ። እንደዚህ ባግዝ ችግር አለው?

ወንድም ከበርሚንግሃም

የለውም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃደኝነት ማገልገል ይፈቀድለታል። ክፍያ ግን አትቀበልም፤ ያወጣኸውን ትራንስፖርት ቢመልሱልህ ነው። ቁጭ ብሎ ከመብሰልሰል ይሻላል፣ ወንድሜ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉ አባል ስትሆኑ ቃል መግባት አለ። «ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ ያለብኝን ግዴታ ለመወጣት» ይላል።

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

ለየትኛው ንጉሥ? የቀሐ ልጅ፣ ያለሽው ሊድስ አይደል? ልዑል አለማየሁ የሞተው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? እዚያው ሊድስ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወስዱት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው የተቀበረው። መታሰቢያው ላይ የጻፉለት ጥቅስ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚል ነው። እንግዳ ያደረገው ማን ሆነና? እ.ኤ.አ. በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባሉ የሌሎቹን ዕረፍት ሳናውክ አይቻልም አሉ። የቋራው ካሳ አገር ሰው ለዚህ ቤት ቃል ሊገባ ነው?

ወንድም ከበርሚንግሃም

ጋሼ፣ ያስጨርሱኝ እንጂ። የሌላ አገር ዜጋ «ለንጉሡ» በሚለው ፋንታ «አሁን ለምኖርበት አገር» ማለት ይችላል። ተፈቅዶ የተጻፈ ነው። እኔም ያልኩት እሱን ነው። ደግሞም ከፍተኛውን ሽልማት ያገኙ ስካውቶች በየዓመቱ አፕሪል ላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል የሚሰበሰቡት እዚያው ዊንዘር ነው። አንድ ቀን የእኛ ልጅ እዚያ ገብቶ አለማየሁን ቢሳለመው ይከፋዎታል?

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

መሳለም ሌላ፣ ተሰልፎ መግባት ሌላ!

እትዬ ሎዛ (ፍራንክፈርት)

እኔን የሚደንቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስካውትን የመሠረተው ጄኔራል፣ ቤደን ፓወል፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሞት የተቀበረው ኬንያ ነው፣ ኒዬሪ። ወዶና መርጦ። እነሱ እኛ ዘንድ ወደው ይቀበራሉ። የኛው ልጅ ግን ልሂድ እያለ እዚያው ቀረ።

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

ይኼን ነው የምለው!

ወንድም ከበርሚንግሃም

እና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገመድ ማሰር አይማር? ማክሰኞ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይዋል? ጋሼ፣ እርስዎስ የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ እጅዎን አንሥተው አልማሉም?

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

ያ ሌላ ነው። አሜሪካ መቅደላ አልወጣም።

አዘዞ (ጎንደር)

እኔ ተመልሼ አገሬ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስቶክሆልም ኖሬ። የቀሐ ልጅ፣ ለውጭ የሚሆነው ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አሻራ ሰጥተሽ ከፌዴራል ፖሊስ፣ አዲስ አበባ ነው የሚወጣው። በአሥር ቀን ውስጥ ከምትሮጪ ለቤተሰብሽ ጊዜ ስጪ። ካስፈለገ በኤምባሲ በኩል ይሆናል።

ጥምቀት ላይ አይተሻቸዋል አይደል፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከፊት ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች? ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ወደ ፊት እየሮጡ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሕዝቡን የሚገፉትንስ? አንዱ የእኔ ልጅ ነው። ድምፁ ዘግቶ፣ ጫማው ተረግጦ ተቀዶ ነው የገባው። ማን አደራጃችሁ ስለው «እኛው ነን» አለኝ። ፎርም ግን አልሞላም። ከእነሱ ጋር የሚውሉት ትልልቆቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቄው አላውቅም ነበር። የበርሚንግሃሙን ወንድም ካነበብኩ በኋላ ነው የጠየቅኩት።

የቀሐ ልጅ (ከሊድስ፣ ለጊዜው ጎንደር)

መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ነው ያነበብኩት። የፖሊሱን ነገር ትቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ አለማየሁ ለእናቴ አነበብኩላት። «በሰባት ዓመቱ?» አለችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማን ነበር የሚጠብቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ይከፍሉሻል ያለችውን ዳግም አላነሳችም። የእህቴን ልጅ ነገር ግን ማታ አነሳችው።

ፎርሙ አሁንም «ሌላ ስም» የሚለው ላይ ቆሟል። የተጣመመውን ስም ጽፎ የሚያውቅ የለም?

ኬዝ ጠባቂ (ቦልተን)

የእኔም እንደዚያው ነው፣ ሁለት ቦታ ተጣሟል። የሚያውቅ ካለ ለሁለታችን።

ጋሼ አራዳ (ሜሪላንድ)

አሜሪካ መቅደላ አልወጣም ያልኩትን የሚያርመኝ ካለ በማስረጃ ይምጣ።

ወንድም ከበርሚንግሃም

ስለ ስሙ ነገ የኛን መሪ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። የቀሐ ልጅ፣ ሻንጣሽ ቦታ ካለው ሁለት ኪሎ በርበሬ ያዢልኝ። የቅዳሜ ገበያውን፣ ያልተፈጨውን።