የበጌ ጨጓራ ላይ የተጣበቀው ምንድን ነው?

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ የእንስሳት ሐኪሞች። ሐዋሳ ነኝ። በጎቼ ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር፣ ረግረጉ ላይ ይግጣሉ። ሰሞኑን ክፉኛ ያስቀምጣቸዋል፣ ከስተዋል። የአንዳንዶቹ መንጋጋ ሥር አብጧል።

አንዷ ስትሞት ከፈትናት። የጉበት ትል ነበር የጠረጠርኩት። እሱንማ አውቀዋለሁ፤ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ጉበቷ ግን ደህና ነው! ጨጓራዋን ስንገለብጠው ነው ጉዱ የታየው። ሮዝ መልክ ያላቸው፣ ድብልብል ያሉ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ነገሮች ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። ለማላቀቅ ያታግላሉ። የትንሹ አንጀት መጀመሪያም ቀልቷል።

አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሰጥቻቸው ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። መድኃኒት ሻጩ «ያው ትል ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም።

ይሄም እንደ ጉበት ትል በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣ ነው? በጎቹን የሚያስቀምጣቸው ጨጓራ ላይ ያለው ትልቁ ነው ወይስ አንጀት ውስጥ ያለ ጩጬው? ኦክሲክሎዛናይድ የሚባለው መድኃኒትስ ይሠራበታል? ጥቂቶቹን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክፍል ያላችሁ፣ ናሙና ትቀበላላችሁ? ትኩስ ሰገራም ላምጣ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እርጉዞች አሉብኝ።