ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በጠዋት ወፍ ለማየት የት እንቁም?

የጉለሌዋ፦
ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወፍ ማየት ለምዶበታል። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ጨርሷቸው አሁን የሐይቅ ወፍ ካላሳየሽኝ ብሎ ፋታ ነስቶኛል። ቅዳሜ ይዤው ልመጣ ነው። ፀሐይ ከውሃው ላይ ስትወጣ የምትታየው በየት በኩል ነው? ስንት ሰዓትስ እንድረስ? ባለፈው ብቻዬን መጥቼ 3 ሰዓት ላይ ብደርስ ሰርገኛና ካሜራ ብቻ ነው ያየሁት። ጉልበቱን ስለሚያመው ብዙ መራመድ አይችልም።

ከታቦር ስር፦
እንኳን ደህና መጣችሁ። የፀሐይዋ ነገር ግን አይሆንልሽም። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፍቅር ሐይቅ የሚሉት የከተማው ዳር ላይ ከቆምሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባሽ ነው። ውሃው ላይ የምታያት ስትጠልቅ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የሚለጥፈው ቀይ ፎቶ የማታ ነው። ስትወጣ ማየት ካማረሽ ታቦር ተራራ ላይ መውጣት ነው፣ እሱ ደግሞ ለጉልበት አይሆንም።

ለወፍ ግን እንዲያውም ይሻላችኋል። ጠዋት ብርሃኑ ከኋላችሁ መጥቶ ወፉ ላይ ስለሚያርፍ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ ብትመጡ ሁሉም ጥላ ነው። 12 ሰዓት ላይ ቦታችሁን ያዙ። ጋቢ አትርሺ፣ ይበርዳል።

ዓሣ በሎሚ፦
አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ውሰጃቸው፣ አለቀ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየገፈፉ ሆድቃውን ይወረውራሉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ራሰ በራውን ይዞ እንደ ዕድር ዳኛ ኮስተር ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሁለት እርምጃ ብትጠጊው እንኳ ንቅንቅ አይልም። ፔሊካኖቹም ከጀልባው ስር አይጠፉም። አባትሽ አንድ ቦታ ቁጭ ብለው ሁሉንም ያያሉ።

ብቻ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ። እኔ አንዴ ሳንቡሳዬን ገና በወረቀት እንደተጠቀለለ ጦጣ ነጥቃኝ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ እያየችኝ በላችው። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው።

ፊላ ውስጥ፦
ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አባ ኮዳ ብቻ አይቶ መመለስ ያሳዝናል። እሱ ቆሻሻ ባለበት ሁሉ አለ። የዓሣው ገበያ ደግሞ ጫጫታ ነው። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ፊላው ጥቅጥቅ ያለበት ዳር ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አንድ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ወፍ አለ፣ ማላካይት ኪንግፊሸር የሚሉት። ጀርባው ሰማያዊ፣ ደረቱ ብርቱካንማ፣ መንቆሩ ቀይ። ፊላው ላይ ያርፋል፣ ፊላው ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ጠብ! ሲመለስ መንቆሩ ላይ የምትንፈራገጥ ዓሣ አለች። እንጨቱ ላይ ጠፍጥፎ ጠፍጥፎ ነው የሚውጣት። ጃካና የሚባለው ደግሞ ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ የውሃ አበባ ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ ይራመዳል። ራሱ ነጭ የሆነውን ዓሣ አዳኝ ንስር መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ራሱ ይጠራችኋል።

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከተገኘ 8 በ42 የሚል የተጻፈበት በቂ ነው። በጀልባ ጥቁር ውሃ ድረስ ሄዳችሁ ጉማሬ ማየት ከፈለጋችሁ ዋጋውን መሬት ላይ ሆናችሁ ጨርሱ። እኔን አንዱ መሃል ሐይቅ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ሌላ ሂሳብ ነገረኝ። ዋና የማይችል ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ዓሣ በሎሚ፦
ኧረ አባ ኮዳን አትናቅ ወንድሜ፣ ሐዋሳን የሚያጸዳው ማን ሆነና!

የጉለሌዋ፦
ኧረ ተባረኩ። እንግዲያው 12 ሰዓት ላይ ፊላው ጋ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ አሞራ ገደል፣ ከዚያ የዓሣ ሾርባ። አባቴ ይሄን ሳነብለት ስለ ንስሩ ደግመሽ አንብቢልኝ ብሎኛል። ሎሚና ሚጥሚጣ ይዤ ልምጣ ወይስ እዚያ አለ?

ዓሣ በሎሚ፦
ሞልቷል። ሳንቡሳ ብቻ እንዳታመጪ።