የቤተሰብ ሐኪም ለድንገተኛ ሕክምና ቦርድ ይፈተን ወይስ አይፈተን?

የሌሊት ተረኛ፦
ጉዳዩ የራሴ ስለሆነ አድልዎ እንዳለብኝ አስቀድሜ ልናገር። በአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጨርሼ፣ የዘርፉን ቦርድም (ስፔሻሊስቶችን ፈትኖ ምስክር ወረቀት የሚሰጠውን አካል) ፈተና አልፌ፣ አሥራ አንድ ዓመት በአንዲት የገጠር ከተማ ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ሆስፒታሉ ሃያ አምስት አልጋ ነው ያለው፤ ሌሊት ያለው ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ድርጅት ገዛውና ደብዳቤ ደረሰን፤ የድንገተኛ ሕክምና ቦርድ የሌለው ሐኪም ከመጪው ዓመት ጀምሮ ውሉ አይታደስለትም። እሺ ልፈተን ስል በሩ ዝግ ነው። በፈረንጆቹ 1976 የተቋቋመው የድንገተኛ ሕክምና ቦርድ መጀመሪያ ላይ አምስት ዓመትና 7,000 ሰዓት በድንገተኛ ክፍል የሠራን ሐኪም በልምዱ ይፈትን ነበር። በ1988 ይህን መንገድ ዘጋው። የቤተሰብ ሐኪሞችን በልምዳቸው የሚፈትን ሌላ ቦርድ አለ፤ ምስክር ወረቀቱን ግን ብዙ ሆስፒታሎች አይቆጥሩትም፣ እኔን የገዛኝም አይቆጥረውም። ያለ ፈተና ስጡኝ አላልኩም። ፈትኑኝና ልውደቅ ማለት ምን ነውር አለው?

ቦርድ ያለው፦
ወንድሜ፣ ነውር የለውም፤ በሩ የተዘጋው ግን በክፋት አይደለም። በ1970 የአሜሪካዋ ከተማ ሲንሲናቲ የመጀመሪያውን የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ (በሆስፒታል እየሠሩ የሚሠለጥኑበትን የስፔሻሊቲ ትምህርት) ስትጀምር ሙያውን በሥልጠና ያገኘ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ሁሉም ከሌላ ዘርፍ የመጣ ነበር፤ በልምድ መፈተኑ መሸጋገሪያ ነበር። መሸጋገሪያ ደግሞ ያልቃል። በ1990 ለፈተናው መቅረብ ያልተፈቀደላቸው ሐኪሞች ቦርዱን ከሰሱ፤ ክሱ አሥራ አምስት ዓመት ተንከባልሎ በ2005 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘጋው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ 7,000 ሰዓት ብቻውን የሠራ ሰው 7,000 ሰዓት ሙሉ የሚያርመው ሰው አላገኘም። እኔ ሬዚደንት ሳለሁ ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ሳስገባ ከኋላዬ የቆመችው ሐኪም ክርኔን ይዛ «ምላሱን ወደ ግራ ግፋ፤ ወደ ላይ አንሣ እንጂ ጥርሱ ላይ አትደገፍ» ትለኝ ነበር። መቶ ጊዜ ሳትሰለች ብላኛለች። አንተን ማን ይልሃል?

የሌሊት ተረኛ፦
ማንም። ልክ ነህ። ግን አንድ ሌሊት ልንገርህ። በረዶ ይጥል ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ አልነሣም አለ። አንድ ገበሬ ምላሱ አብጦ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት መጣ። ሚስቱ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በፌስታል ይዛለች፤ ለደም ግፊት የሚሰጥ፣ እኔ ራሴ በቀን ሥራዬ ለስንቱ የማዝዘው ክኒን። አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ሳይቀር እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣል፤ ለአለርጂ የምንሰጠው አድሬናሊንም እምብዛም አይረዳውም። በአፍም በአፍንጫም ቱቦ አልገባ አለ። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቀድጄ አስገባሁት። ከዚያ በፊት በበግ ጉሮሮ ላይ እንጂ በሰው ላይ ሠርቼው አላውቅም። ሰውየው ዛሬም ድንች ይዘራል።

ቦርድ ያለው፦
እግዚአብሔር ይስጥልህ፤ ከልቤ ነው። ግን «በበግ ጉሮሮ» ያልከው የእኔን ክርክር ያጠነክራል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ከቨርጂኒያ፦
ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎስ ስንት ሰው አንገት ላይ ሠርተዋል? በእኛ ቤት ሬዚደንቶቹም ያን ሥራ የሚለማመዱት በአብዛኛው በፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ በሰው ላይ ሳያገኙት የሚመረቁ አሉ። ሁለቱንም ዓይነት ሐኪም አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ልዩነቱ የሚታየኝ ሌላ ቦታ ነው። ስምንት በሽተኛ በአንድ ጊዜ ሲገባ በሬዚደንሲ ያለፈው ማንን ትቶ ወደ ማን እንደሚሄድ ሳያስብ ያውቀዋል። ከቤተሰብ ሐኪሞች መካከል የመጀመሪያውን በሽተኛ ታሪክ እስከ አያቱ ድረስ ሲጠይቅ ሦስተኛው አልጋ ላይ ላብ ላብ ያለውን ሰው ያላየ አጋጥሞኛል። ሁሉም እንደዚያ ናቸው ማለቴ አይደለም።

ከኦንታሪዮ፦
እኛ ጋር፣ ካናዳ፣ ጠቡ በግማሽ ተፈትቷል። የቤተሰብ ሕክምናን በሁለት ዓመት ከጨረሱ በኋላ አንድ ዓመት የድንገተኛ ሥልጠና ተጨምሮ ፈተና አለ፤ ከ1982 ጀምሮ። ከዚያ ውጪ አምስት ዓመት የሚፈጅ ሙሉ ስፔሻሊቲ አለ። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተረኛ ይሆናሉ፤ በሽተኛው ማን የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። እናንተ አሜሪካኖች ሁለቱን ቦርድ በአምስት ዓመት የሚያሰጥ ጥምር ሥልጠና አላችሁ፤ እሱ ግን ገና ለሚጀምር ልጅ እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው አይሆንም።

ከአዲስ አበባ፦
ከሩቅ ስሰማችሁ የጥጋብ ክርክር ይመስለኛል፤ አትቀየሙኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የቤተሰብ ሕክምናው በ2005 ዓ.ም.። ከዋና ከተማዋ ስትርቁ ድንገተኛ ክፍሉን የያዘው ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው፤ ቦርድ አለህ ወይ የሚለው የለም። ግን ከእኛም የሚወሰድ አለ። ጤና መኮንኖችን ሦስት ዓመት አሠልጥነን ቄሳራዊና ሌላ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ አድርገናል። ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ቢላ ይይዛል ያሉ ነበሩ። ልምድህ በቃ ብለን አልለቀቅናቸውም፤ አሠለጠንን፣ የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ለየን። የሌሊት ተረኛው የጎደለው ይኸው ይመስለኛል፤ ፈተናው ብቻ አይደለም።

ቦርድ ያለው፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ዓመት ትልቅ ሆስፒታል ገብቶ ከሠለጠነ በኋላ ይፈተን ከተባለ አልቃወምም። አሁንም እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ሥልጠና ለቤተሰብ ሐኪሞች የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ፤ ቦርዱ ግን ለፈተና አይቀበለውም። እሱ ስሕተት ነው። በሰዓት ብዛት ብቻ የሚለውን ግን አልቀበልም።

የሌሊት ተረኛ፦
በሃምሳ ዓመቴ በሬዚደንት ደመወዝ አንድ ዓመት እሠራለሁ፤ ሚስቴን አሳምናታለሁ። ያን ዓመት የእኔን ሌሊት ማን ይይዘዋል? ከተማዋ የቦርድ ሐኪም ለማግኘት ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥታ አንድ አመልካች መጣ፤ ትምህርት ቤቱን አይቶ ተመለሰ።

ከኦንታሪዮ፦
መጥፎውን ዜና ልጨምርልህ። እኛ ዘንድም ያን ተጨማሪ ዓመት ከጨረሱት ብዙዎቹ ወደ ትንሿ ከተማ አልተመለሱም፤ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ቀሩ፣ የቤተሰብ ሕክምናውንም ተዉት።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ቤት ገዝቻለሁ። ባንኩ አይለቀኝም፤ እመለሳለሁ።